ሌንስ ይዤ ማዶ ብቆም

ለሰው ስጦታ ሲላክለት ከሰው የሚያቀላቅለው ነገር ነው የሚላክለት። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ወንድሙ ከአዲስ አበባ መጫወቻ ካርታ ላከለትና ይኸው አመሻሽ ላይ ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ይሞላል። ሌላው ሻይ ማፍያ ይላክለታል፣ ጎረቤት ይጠራበታል። ለእኔ የተላከልኝ ግን ከሰው መንገድ ተሻግሬ ካልቆምኩ በቀር አልሠራም የሚል ዕቃ ነው። እንዲያው ዕድሌ ነው እንጂ ላኪዋስ ምን አጠፋች!

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። ሰቆጣ ውስጥ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አለችኝ። ጠባብ ስላችሁ ደንበኛዬና እኔ አንድ ላይ ካስነጠስን መጋረጃው ይወድቃል። ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዬ አለ፤ ስለዚህ መጋረጃው በወደቀ ቁጥር ደንበኛው ያልታጠበ ካልሲዬን አይቶ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ካሜራ ያለው ስልክ ከያዘ ወዲህ የቀረችኝ ሥራ ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት፤ መታወቂያ የሚያሳድስ ይመጣል፣ ፓስፖርት የሚያወጣ ይመጣል። አብዛኞቹ ፓስፖርት የሚያወጡ ልጆች ናቸው። ዛሬ አገጩን ቀና አድርጌ ያነሳሁት ልጅ ትንሽ ቆይቼ ስጠይቅ ዐረብ አገር ገብቷል ይሉኛል። ለሁለተኛ ፎቶ የተመለሰልኝ የለም። እኔማ ፎቶ አንሺ ሳልሆን የአገር ሸኚ ነኝ።

ታናሽ እህቴን ትርንጎንም የሸኘኋት በዚያችው ወንበር ላይ አስቀምጬ አንስቼ ነው። ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። የአሠሪዋ ልጅ ደግሞ እግር ኳስና የዱር አውሬ ፎቶ የሚያነሳ ባለሙያ ነው አሉ። አዲስ ሌንስ ሲገዛ አሮጌውን ሊጥለው ሲል «ወንድሜ ፎቶ አንሺ ነው» ትለዋለች፤ እሱም እንኪ ይላታል። እሷ ደግሞ ወደ አገሯ ለምትመለስ ጓደኛዋ አሸክማ ላከችልኝ።

ካርቶኑን ስከፍተው የመሰለኝ ቴርሞስ ነው። ነጭ፣ ወፍራም፣ እጀታም እግርም ያለው ነገር። «እህቴ የሰርግ ቤት ቴርሞስ ላከችልኝ» ብዬ ክዳኑን ብጠመዝዘው ከውስጥ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል መስታወት አፈጠጠብኝ። ካሜራዬ ላይ ስሰካው ካሜራዋ ጠፋች። ሲያዩት ካሜራው ሌንስ የያዘ ሳይሆን ሌንሱ ካሜራ ያስከተለ ነው የሚመስለው። ወዲያው ደወልኩላት።

«ሜዳ ማዶ ያለ አንበሳ ጢሙ ሳይቀር ይታይበታል ብሎኛል» አለችኝ በኩራት።

«እኔ ሰቆጣ ላይ አንበሳ ከየት ላምጣ ትርንጎ?»

«ታዲያ ሰው አንሳበት! ከአንበሳ ሰው አይበልጥም?»

መብለጡንስ ይበልጣል። ችግሩ ሌንሱ የሩቅ እንጂ የቅርብ ሰው አይወድም። እጅ ለእጅ መጨባበጥ የሚቻል ርቀት ላይ ያለ ሰው ሲያጋጥመው ፊቱን አጥፍቶ ጭጋግ ብቻ ያሳያል። ለቅርብ የምትሆነው የድሮዋ ሌንሴ ደግሞ፣ ቅናት ይሁን እርጅና፣ በዚያው ሰሞን ከእጄ አምልጣ ወድቃ ተሰበረች። ከዚያ በኋላ እኔና ቴርሞሱ ብቻ ቀረን።

መጀመሪያ የቀመሱት አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ከነክራቫታቸው መጡ። ቤቴ ውስጥ ቢቀመጡ ጭጋግ፣ ደጃፉ ላይ ቢቆሙ ጭጋግ። ምን ላድርግ፣ ወንበራቸውን ይዤ መንገዱን አሻግሬ ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ አስቀመጥኳቸውና ተመልሼ ከቤቴ ጥግ ቆምኩ። በመሃላችን ባጃጅ ይመላለሳል። «አገጭዎን ዝቅ!» ብዬ ስጮህ መንገደኛው ሁሉ አገጩን ዝቅ ያደርጋል። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ግማሽ ባጃጅ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ክራቫቱ የእሳቸው ሆኖ ፊቱ ጭድ የተጫነ አህያ ሆነ። በመጨረሻ አንዱ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ከጥራቱ የተነሳ የአፍንጫቸው ፀጉር ሳይቀር ይታያል። አተኩረው አዩትና «እኔ ጉርድ ፎቶ ነው ያልኩህ፣ ምርመራ መቼ አልኩህ?» ብለውኝ ሄዱ። ወሬው ከተማውን ለማዳረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም።

ደንበኛ ሲጠፋ ሌንሱን ይዤ ከከተማው በላይ ያለው ጉብታ ላይ መውጣት ለመድኩ። ለራሴ አሞራ ላነሳ ነው እላለሁ። አሞራዎቹም መጀመሪያ አካባቢ ተነስተውልኛል፤ በኋላ ግን ሌንሱን ወደ ታች ወደ ገበያው መለስኩት። ማር ተራ ላይ ሴቶች ሲሳሳቁ ጥርሳቸው አንድ ባንድ ይታየኛል፤ ያሳቃቸው ነገር ግን አይሰማኝም። ጎረምሶች ትከሻ ለትከሻ ሲሳለሙ ክንዳቸው ላይ ያለው አቧራ ሲበንን አያለሁ። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ቀና ብሎ ወደ እኔ ፈገግ አለ። ደስ ብሎኝ እኔም ፈገግ አልኩለት፣ እጄንም አነሳሁለት። ሰውዬው ግን ያየው ከእኔ በላይ ያለውን ደመና ኖሯል፤ ይዘንባል አይዘንብም ብሎ።

ምን እደብቃችኋለሁ፣ ብቸኛ ነበርኩ። እናታችን ካረፈች፣ ትርንጎም ከሄደች ወዲህ «የት ዋልክ?» የሚለኝ ሰው አልነበረም። የምበላበት ምግብ ቤት ውስጥ እንኳ ስሜን የሚያውቅ የለም፤ «የጥግ ወንበሩ ሽሮ» ነው የሚሉኝ። ስገባ ሽሮው ይታዘዛል፤ ስለዚህ አፌን ሳልከፍት ገብቼ፣ በልቼ፣ ሳልከፍት የምወጣበት ቀን ብዙ ነው።

በዚህ መሃል ጥር ገባና ከደሃና የመጣ አንድ መንገደኛ ደጄ ላይ ቆሞ «አክስትህ ብርነሽ ልጇን የሺን ልትድር ነው፣ እሑድ ና ብለውሃል» ብሎኝ አለፈ። ብርነሽ የአባቴ እህት ናት። የሺና ትርንጎ ደግሞ በአንድ ቁርበት ላይ ተኝተው ያደጉ ናቸው። ለትርንጎ ስነግራት ስልኩ ላይ አለቀሰች።

«ሁሉንም ሰው አንሳልኝ» አለችኝ። «አንድም ፊት እንዳይቀርብኝ። ፊታቸው እየጠፋብኝ ነው፣ ወንድም ዓለም። ማታ ስተኛ የአክስቴን ፊት ላስታውስ እልና አይመጣልኝም።»

እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ሌንሱን ከአቧራ ለማዳን፣ ደግሞም በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ረዥም ነገር ይዞ መንገድ መውጣት ለማስረዳት ስለሚያስቸግር፣ በጋቢ ጠቅልዬ አቅፌ ወደ ደሃናዋ ከተማ ወደ አምደወርቅ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ገና ስገባ አንድ ሰው ብድግ ብሎ ወንበር ለቀቀልኝ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጋቢውን በስስት አዩትና «ወንድ ነው ሴት?» አሉኝ።

እውነቱን መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኳቸውም። ልጅ አለህ ብሎ የጠረጠረኝ ሰው ሲገኝ የመጀመሪያዬ ነው። «ወንድ» አልኳቸው። «እናቱስ?» ሲሉኝ «ዐረብ አገር» አልኳቸው፤ ላኪዋ እዚያ ስላለች ውሸት አልመሰለኝም። «ወይኔ ልጄን!» አሉ፣ ሾፌሩ ዘፈኑን ቀነሰ፣ አቧራ እንዳይገባበት መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ። ያን ሁሉ መንገድ ሃያ ሆነው ስለ እኔ ልጅ ሲሉ በሙቀት ተቀቀሉ። ታዲያ ከአንድ ጉድጓድ ስንዘል የልጄ ራስ የበሩን ብረት መታውና ቃ! አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ጮኸ። እኔ ደንግጬ ጋቢውን ገለጥኩና ፊት ለፊቱን በሸሚዜ ጠርጌ፣ እፍ ብዬበት፣ በጥፍሬ ቆርቆር አድርጌ መስታወቱ አለመሰንጠቁን አረጋገጥኩ። ቀና ስል ሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ ያየኝ ነበር። እናትዬዋ እስከ አምደወርቅ ድረስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ ቀሩ፤ ወንበር የለቀቀልኝም ሰውዬ ወንበሩን መልሶ ወሰደ።

ከአምደወርቅ በእግር ነው። የአክስቴ ቤት ተዳፋት ላይ ነው፣ ከፊት ለፊቱ ትንሽ ሸለቆ አለ፣ ከሸለቆው ማዶ ገላጣ ጉብታ። ስደርስ የሙሽራው አጃቢዎች በዘፈን እየገቡ ነበር። ቤት ገብቼ ሰላም ልበል ብል ያመልጡኛል፤ ዳሱ አጠገብ ቆሜ ላንሳ ብል የሚዜ አፍንጫ ብቻ ነው የማገኘው። ሰላምታው ይደርሳል ብዬ በቀጥታ ማዶ ጉብታው ላይ ወጣሁና ያነገትኩትን ባለሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ ተክዬ ሌንሱን ወደ ሰርጉ አነጣጠርኩ።

ያ ሌንስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታውን አገኘ። የሙሽራው ላብ፣ የየሺ የተኳለ ዓይን፣ የአክስቴ ሽበት፣ ሁሉም ፊቴ ላይ መጣ። አክስቴ አየችኝ። እጇን አጥፋ «ና ግባ!» ስትል አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ወደ እኔ ስትመጣ ከምስሉ እየወጣችብኝ ስለሆነ እጄን አውጥቼ «ተመለሺ፣ ወደ ኋላ!» ብዬ አራገብኩላት። ቀጥ ብላ ቆመች። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ጎረቤት ሸለቆውን ተሻግራ እንጀራ በወጥና ጠላ ይዛልኝ መጣች።

«እንካ ቅመስ» አለችኝ።

«አልቀምስም» አልኳት ዓይኔን ከቀዳዳው ሳላነሳ። «ፀሐዩ ሳያልፍብኝ። መልሽው።»

አሁን እናንተ የኛን አገር ሰው ሁኑና ፍረዱ። አንድ ዘመድ ሰርግ ቤት ድረስ መጥቶ፣ ቤት ሳይገባ፣ ከማዶ ፊት ለፊት ተገትሮ፣ ና ሲሉት በእጁ አባርሮ፣ እህል ሲልኩለት አልቀምስም ብሎ ከመለሰ ምን ማለት ነው? ተቀይሟል ማለት ነዋ! የተቀየመ ዘመድ ቆሞ እያየ ደግሞ ሙሽራ የዘመድ ጉልበት ስማ ከቤት አትወጣም፤ ምርቃቱ አይይዝም። ይህን እኔም ከጡት ጋር የጠባሁት ነው። ግን አንድ ዓይን ጨፍኖ በአንድ ዓይን ብቻ የሚያይ ሰው የሚያውቀውንም ግማሹን ይጨፍናል መሰለኝ።

በሌንሱ ውስጥ ከበሮ መቺዋ እጇን አንስታ ሳታወርደው ቀረች። ከዚያ የዳሱ ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ዞሮ ወደ እኔ አየ። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ሚዜው፣ ሙሽሪት ራሷ። ማንም አይስቅም፣ ማንም አይነቃነቅም። ፎቶ አንሺ ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ካሜራዬ ያየበት ቀን የለም። «እንዴት ያለ ሥርዓት የሚያውቅ ሕዝብ ነው!» እያልኩ ፊት በፊት፣ ረድፍ በረድፍ አነሳሁ። አንድም ፊት አልቀረኝም።

ከዚያ ሦስት ሽማግሌዎች ከዳሱ ወጥተው ሸለቆውን መውረድ ጀመሩ። ከፊት ጭራ የያዙት አባ ገብረ መድኅን፣ የአገሩ አስታራቂ፤ ቀጥለው አንድ ባለ ጃንጥላ፤ በመጨረሻ ሳል የሚያስቸግራቸው። እነሱንም አነሳኋቸው። ከኋላቸው የሙሽራዋ አባት ጋሼ ሲሳይ አዲሱን ኮታቸውን እንደለበሱ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ይከተላሉ። ከእሳቸውም ኋላ ሌሎች ድንጋይ የተሸከሙ አሉ። ጣቴ ማንሻው ላይ እንዳለ ደረቀ። በእኛ ዘንድ ድንጋይ በማጅራት የሚሸከመው በዳይ ነው፤ የሚሸከመውም ይቅርታ ሊለምን ነው። ልደበቅ ብል ጉብታው ገላጣ፣ ልሩጥ ብል ሦስት የብረት እግር አብሮኝ የተተከለ ነው። ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«እንደምን ሰነበትክ ልጄ» አሉ አባ ገብረ መድኅን ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «ማን አስቀየመህ?»

«ኧረ ማንም አላስቀየመኝም አባ! ፎቶ እያነሳሁ ነው እኮ!»

ሦስቱ ተያዩና በአገሩ ቋንቋ በኻምጣንጋ መመካከር ጀመሩ። ሰቆጣ ቋንቋውን አስጥላዋለች ብለው ነው መሰለኝ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው ነው የሚያወሩት። «ማንም አላስቀየመኝም ካለ ነገሩ ከባድ ነው» አሉ አንዱ። «ከስቷል» አሉ ሌላው። «ሚስትም የለችው። ልብሱንስ ማን ያጥብለታል? እዩት እስቲ ኮሌታውን» አሉ ባለ ሳሉ። ሁሉንም ሰማሁ። የኮሌታዬን ነገር እንኳ ቢተዉልኝ ደስ ባለኝ።

«አባ፣ ይመልከቱ» አልኩ ሌንሱን እየደባበስኩ። «ይሄ ዕቃ ቅርብ ያለ ሰው አያሳይም። ካልራቅሁ አልሠራም ይላል።»

«እና አንተ እሺ ብለኸው ራቅህ?» አሉኝ።

ባለ ጃንጥላው «እስቲ እኔ ልየው» ብለው ዓይናቸውን ቀዳዳው ላይ አደረጉ። ሌንሱን ከሰርጉ ላይ አንስተው ወደ ማዶው ተረተር አዞሩት። «ቆይ! ያቺ ቡሬ የኔ በግ አይደለችም? ከማን መንጋ ጋር ነው የምትግጠው?» ብለው ጮኹ። ዕርቁ ወደ ሌላ ክስ ሊዞር ሲል አባ ገብረ መድኅን በጭራቸው ትከሻቸውን መታ አድርገው መለሷቸው።

ጋሼ ሲሳይ ከነድንጋያቸው ተንበረከኩ። «ጥሪውን በመንገደኛ አፍ ላክሁብህ። ራሴ ሰቆጣ መጥቼ ደጅህን መርገጥ ሲገባኝ። ስለ እግዚአብሔር ማረኝ።»

«ኧረ ጋሼ ይነሱ! ምሬዎታለሁ! ድንጋዩን ያውርዱልኝ!»

«እንዲህ በጥድፊያማ አይሆንም፤ ከልብህ ነው?»

ሳልመልስ ከኋላቸው ያለው ባለ ድንጋይ ወደ ፊት መጣ። «ድንበሩን የገፋሁት እኔ ነኝ» አለ። «የአባትህን ማሳ ጥቂት ፈር ገፍቼ አርሻለሁ።» እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ጋሼ ሲሳይም አያውቁም ኖሯል፤ ድንጋዩ ማጅራታቸው ላይ እንዳለ ዞረው «ገፍተህ ነበር?» አሉት። ሦስተኛው ደግሞ በልጅነቴ ውሻ እንደለቀቀብኝ ተናዘዘ። ይህን እንኳ አስታውሳለሁ፤ ግን ተቀይሜ አላውቅም፣ ሮጬ ነው ያመለጥኩት።

ከማዶ ሚዜዎቹ ፀሐይዋን ያያሉ። መንገዳቸው ሩቅ ነው፤ ሙሽራዋን ይዘው በብርሃን ካልገቡ ለእነሱም ለእሷም ነውር ነው። የሺ እንደተሸፋፈነች ደጃፉ ላይ ቆማለች። ቀኗ በእኔ አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

«ከእነዚህ የቱ ነው?» አሉ አባ ገብረ መድኅን።

«አንዳቸውም አይደሉም።»

«እንግዲያስ ያልመጣ ሰው አለ። ስሙን ጥራው፤ የትም ይሁን እናስመጣዋለን።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለየሺ ስል በሆነ ሰው ላይ ልለጥፍ ፈለግሁ። ያስቀየመኝን ሰው በሐሳቤ ማሰስ ጀመርኩ። ሰቆጣን ቤት ለቤት ዞርኳት። አንድ ሰው አጣሁ። ለካ ሰውን ለማስቀየምም መቅረብ ይፈልጋል! ቀጠሮ የሚያፈርስብኝ ሰው መጀመሪያ ሊቀጥረኝ ይገባል። የሚያማኝ ሰው ስሜን ማወቅ አለበት። በበዓል የሚረሳኝ ሰው እንኳ በፊት ያስታወሰኝ መሆን አለበት። ለእኔ ከ«የጥግ ወንበሩ ሽሮ» በላይ የሚያውቀኝ የለም።

«አባ» አልኩ፣ «የሚያስቀይመኝ ሰው የለኝም።»

እንደ ቀልድ ነበር የጀመርኩት፤ ግን ያን ሁሉ ዘመን ያልመጣ እንባ ሰርግ ላይ፣ ድንጋይ በተሸከሙ ሰዎች ፊት መጣ። አፈርኩ። ፊቴን ልደብቅ ሌንሱ ላይ ጎንበስ አልኩ፤ ቀዳዳው እንባ በእንባ ሆነ። ባለ ሳሉ እንኳ ሳላቸውን ያዙት። ጋሼ ሲሳይ ድንጋያቸውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡና መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ።

አባ ገብረ መድኅን ጭራቸውን ወዲያ ወዲህ እያደረጉ ትንሽ አሰቡ። «ስሙኝ» አሉ። «ይሄ ልጅ ተበድሏል። አንድ በዳይ የለውም፤ ስለዚህ በዳዩ ሁላችንም ነን። ካሳው ይሄ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ብርነሽ ቤት ይመጣል፣ ድርሻው ይቀመጥለታል። ሳይመጣ ከቀረ ያን ጊዜ እሱ በዳይ፣ እሷ ተበዳይ ትሆናለች። ሽማግሌ ልኮ፣ ድንጋዩን ተሸክሞ ይታረቃታል።»

«ካልመጣሁ ትቀየመኛለች?» አልኩ አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

«ካልተቀየመችማ እሷን ነው የምንከሳት» አሉ።

ወረድን። አክስቴ ኮሌታዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝና ጎርሰህ ዝም በል ብላ ያን የመለስኩትን እንጀራ አጎረሰችኝ። ከበሮው ተመታ። እኔንም ከዘመዶች ጋር በመደዳ አስቀመጡኝ፤ የሺ የሁላችንንም ጉልበት እየሳመች መጣች። የእኔን ስትስም ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር፤ በዚያ ቅርበት ምን ያነሳል? እጄን ራሷ ላይ አድርጌ «ውለጂ ክበጂ» አልኳት። ሚዜዎቹ በቅሎዋን አቀረቡ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄዱ።

ሰቆጣ እንደነበረች ጠበቀችኝ። ሽሮው ሳላዝዝ መጣ። ፎቶዎቹን ለትርንጎ ላክሁላት። መጀመሪያ ያለችኝ «ይሄ ሰርግ ነው ወይስ ቀብር? ለምንድን ነው ሁሉም ያኮረፈው? ጋሼ ሲሳይስ ልጃቸውን ሲድሩ ድንጋይ የሚሸከሙት ቤት ሊሠሩ ነው?» ነው። ነገርኳት፤ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ከዚያ ፊቶቹን እያጎላች ስም መጥራት ጀመረች። የአክስቴን ሽበት አየች። የከበሮ መቺዋን የወለቀ ጥርስ አየች። እያንዳንዱን ፊት ስታገኝ «ይኸው፣ ይኸው» ትላለች፣ የጠፋባት ዕቃ እንደተመለሰላት ሁሉ። በመጨረሻ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ አየቻቸው።

«አንተስ የታለህ?» አለችኝ። «አንዱም ላይ የለህም።»

«ሰዎቹ ወዴት እያዩ ነው?»

አንዱን አጎላችው። «ወደዚህ... ወደ ካሜራው።»

«እዚያ ነኝ» አልኳት። ወዲያው አሠሪዋ ጠራቻት መሰለኝ ስልኩ ተዘጋ።

ጾሙ አለቀ፣ ፋሲካ መጣ። አልሄድኩም። የሚያለቅስ ሰው ፊት ሲቆሙ የማይባል ነገር የለም ብዬ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ያሉትን ያሉት ሰርጉን ለመገላገል ይሆናል፣ ሰው ላይ ልጫን እንዴ አልኩ። ፎቶ ቤቴን ዘግቼ፣ ከሥጋ ቤት የገዛኋትን ሥጋ በራሴ ጠብሼ፣ አሳርሬ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በላሁ። ከጎረቤት የበዓል ሳቅ ይሰማል። ያን ዕለት የተናገርኩት ቃል ለሥጋ ሻጩ «ትንሽ ጮማ ጨምርበት» ያልኩት ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ብርነሽ ናት። ሰላምታ የለ፣ እንኳን አደረሰህ የለ።

«አንተ ሰው ነህ?» አለች። «ትናንት እስኪረፍድ ድረስ በጉን ሳናርድ መንገድ መንገድ ስናይ! ሲሳይ እስከ አምደወርቅ መንገድ ወርዶ ፀሐይ ሲመታው ዋለ። ባለ ሚኒባሱን ሁሉ ሲጠይቅ ዋለ። ድርሻህ ይኸው ተከድኖ ተቀምጧል፣ ድመቷን ስጠብቅ አደርኩ። ምነው ብንጠላህ ነው? ምነው ብንንቅህ ነው? አባ ገብረ መድኅን ጋ አሁን ነው የምወጣው! ተቀይሜሃለሁ፣ እወቀው! ሰማኸኝ?»

ኔትወርኩ እንደዚያን ቀን ጥርት ብሎ አያውቅም፤ ዶሮዋ ግቢዋ ውስጥ ስትጭር ሳይቀር ይሰማኝ ነበር።

«አክስቴ» አልኳት፣ «ስልኩ ይቆራረጥብኛል። የመጨረሻውን እስቲ ድገሚልኝ።»

«ተቀይሜሃለሁ!» ብላ ጮኸችብኝ።